ስማቸው በኢየሩሳሌምም በአዲስ አበባም በር ላይ የተጻፈው ሐኪም፦ የዶክተር አርማወር ሐንሰን ሕይወት

ከቃታሞኒም ተነሥቶ በእግሩ ወደ ታልቢያ የሚወጣ ሰው ከኢየሩሳሌም ቴአትር ብዙም ሳይርቅ በረጅም የድንጋይ አጥር የተከበበ አንድ ትልቅ አሮጌ ሕንፃ ያገኛል። ቤት ሐንሰን ይባላል። ዛሬ ኤግዚቢሽን የሚታይበት፣ ፊልም የሚቀርብበት፣ ወጣቶች ቡና እየጠጡ የሚጨዋወቱበት ቦታ ነው። አጥሩ ግን ለጌጥ የተሠራ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ በዚያ ግቢ የኖሩትና የታከሙት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበሩ፤ ብዙ ሰውም በአጥሩ ጥግ ማለፍ ይፈራ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ አንድ የታወቀ ላቦራቶሪ አለ። ስሙ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ሰው ስም ይጠራሉ። በአገር ቤት ዘነበወርቅን የሚያውቁ፣ በኢየሩሳሌምም በታልቢያ የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው፤ የሰውዬውን ታሪክ የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው። ታሪኩ የትልቅ ግኝት ታሪክ ነው፤ የአንድ ከባድ ጥፋት ታሪክም ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነጋዴው ልጅ

ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን የተወለዱት ሐምሌ 29 ቀን 1841 በኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ከተማ በበርገን ነው። ቤተሰቡ ትልቅ ነበር፤ አባትና እናታቸው 15 ልጆች ወልደዋል። አባታቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ሐንሰን ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳሉ ግን ንግዱ ከሰረ። ስለዚህ ወጣቱ ሐንሰን ሕክምና ለመማር ወደ ዋና ከተማው፣ ያን ጊዜ ክርስቲያንያ ወደምትባለው ወደ ዛሬዋ ኦስሎ ሲሄዱ የሚረዳቸው ብዙ ሀብት አልነበረም። እያስተማሩ ተማሩ። በ1866 በሕክምና ተመረቁ።

ከተመረቁ በኋላ በሰሜን ኖርዌይ በሎፎተን ደሴቶች ለዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆነው ሠሩ። በ1868 ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱና በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቀጠሩ።

በዚያ ዘመን በርገን ከአውሮፓ ከተሞች ሁሉ ይልቅ ብዙ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሰበሰቡባት ከተማ ነበረች። ሦስት ሆስፒታሎች ለዚሁ ሕመም ብቻ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ፣ ቅዱስ ዮርገን የሚባለው፣ ከ1400ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው። ዛሬ ኖርዌይ ስትባል የሀብታም አገር ስም ሆኖ ይታወቃል። ያን ጊዜ ግን በምዕራብ ኖርዌይ ያለው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ድሃ ነበር፤ በጠባብ የእንጨት ቤት ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። ሥጋ ደዌም የቆላ ወይም የአፍሪካ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ ይህ አንዱ ማስረጃ ነው። በረዶ በሚወርድበት አገርም ሰው ጣቱን፣ ዓይኑን፣ ፊቱን አጥቷል።

በዘር ነው ወይስ በመተላለፍ?

በሆስፒታሎቹ ላይ የበላይ የነበሩት ዳኒየል ዳኒየልሰን የሚባሉ ትልቅ ሐኪም ነበሩ። ስለ ሥጋ ደዌ በ1847 ያሳተሙት መጽሐፍ በመላ አውሮፓ የታወቀ ነበር። እርሳቸው ሕመሙ በዘር ይወርዳል ብለው ያምኑ ነበር። ለዚህ እምነታቸውም ምክንያት ነበራቸው፤ ከሕሙማን የተወሰደ ነገር በገዛ ሰውነታቸው ውስጥ አስገብተው ሞክረዋል፤ አልታመሙም። እንግዲህ የማይተላለፍ ከሆነ የዘር ነገር መሆን አለበት አሉ።

ይህ እምነት ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። በአገር ቤት ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ የሁለቱ ወገን ዘር ይቆጠር ነበር፤ በዘራቸው ቁምጥና አለ ወይ ተብሎም በጎን ይጠየቅ ነበር። አንድ አያት ወይም አንድ አጎት ታሞ ከነበረ፣ ልጅቱ ጤነኛና መልከ መልካም ብትሆንም ጋብቻው ይቀር ነበር። ቆማጣን የሚያዋርዱ ተረቶች በቋንቋችን ውስጥ ዛሬም አሉ። ሌላው ሕመሙን ከኦሪት ዘሌዋውያን ለምጽ ጋር አንድ አድርጎ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ይላል። ነገር ግን በኦሪት የተጻፈው ለምጽ ልብስንና የቤት ግድግዳን ሳይቀር የሚይዝ ነው፤ ዛሬ ሐኪሞች ሥጋ ደዌ ከሚሉት ሕመም ጋር አንድ እንዳልሆነ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ወጣቱ ዶክተር ሐንሰን የአለቃቸውን ሐሳብ ዝም ብለው አልተቀበሉም። በ1870 እና በ1871 ወደ ጀርመን ወደ ቦን፣ ከዚያም ወደ ቪየና ሄደው በማይክሮስኮፕ ሥጋን መመርመር ተማሩ። ሲመለሱ በምዕራብ ኖርዌይ ቀበሌዎች እየዞሩ ማን ከማን ጋር ኖረ፣ ማን መጀመሪያ ታመመ፣ ማን ቀጥሎ ታመመ እያሉ መዘገቡ። ኖርዌይ ከ1856 ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሁሉ በስም የምትመዘግብበት የአገር መዝገብ ነበራት። ያ መዝገብ በጣም ረዳቸው። ሕሙማኑ ወደ ሆስፒታል በብዛት የገቡበት ወረዳ ላይ አዲስ የሚታመመው ሰው ቁጥር ቀነሰ። በዘር የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ሕመምተኛው ከቤቱ በመውጣቱ እንዲህ ባልቀነሰ ነበር።

የ1873 ክረምት

1873 ለዶክተር ሐንሰን የደስታም የኀዘንም ዓመት ነበር። በጥር ወር የአለቃቸውን የዳኒየልሰንን ልጅ ስቴፋኒን አገቡ። የካቲት 28 ቀን ከአንድ ሕመምተኛ ሰውነት የተወሰደ እባጭ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ በሕዋሶቹ ውስጥ እንደ ትናንሽ በትር ያሉ ነገሮች አዩ። ደግመው ደጋግመው ተመለከቱ፤ በሌሎች ሕሙማንም ላይ አገኟቸው። ያ ዓመት ሳያልቅ ግን ወጣቷ ሚስታቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዶክተር ሐንሰን ካዩት ባክቴሪያ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ የሳንባ ነቀርሳው ባክቴሪያ የታወቀው ከ9 ዓመት በኋላ በ1882 ነው።

ዶክተር ሐንሰን ያዩትን በ1874 አሳተሙ። ጽሑፋቸው ጥንቁቅ ነበር፤ እነዚህ በትሮች የሕመሙ ምክንያት ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ገመቱ እንጂ አረጋግጠናል አላሉም። ይሁንና አንድ ትንሽ ሕያው ነገር የሰውን ረጅም ሕመም ያመጣል ብሎ በማይክሮስኮፕ ማሳየት በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር። ለብዙ ሺህ ዓመት እርግማን ወይም የዘር ዕዳ ሲባል የኖረው ነገር አሁን በመስታወት ውስጥ ሊታይ ቻለ።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነበር። አንድ ባክቴሪያ ሕመም ያመጣል ለማለት ከሕመምተኛው ተወስዶ በላቦራቶሪ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ከዚያ በእንስሳ ላይ ያንኑ ሕመም ማምጣት አለበት። ዶክተር ሐንሰን ብዙ ሞከሩ፤ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ አላደገም። ጥንቸል ላይ ሞከሩ፤ ጥንቸሏም አልታመመችም።

በ1879 አልበርት ናይሰር የሚባል ወጣት የጀርመን ሐኪም ወደ በርገን መጣ። ዶክተር ሐንሰን በደንብ ተቀብለው ከሕሙማን የተወሰዱ ናሙናዎችን ሰጡት። ናይሰር አገሩ ገብቶ ናሙናዎቹን በአዲስ ዓይነት ቀለም ሲነክራቸው ባክቴሪያዎቹ ጥርት ብለው ታዩ። ወዲያው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ አሳተመ። ዶክተር ሐንሰንም ከ1873 ጀምሮ ያደረጉትን ሁሉ በየቋንቋው አውጥተው ተከራከሩ። በመጨረሻ ዓለም የግኝቱን ባለቤትነት ለእርሳቸው ሰጠ።

ያልተጠየቀችው ሴት

ዶክተር ሐንሰን ማስረጃ ለማግኘት ያደረባቸው ጥድፊያ ወደ ጥፋት አደረሳቸው። በዚያው በ1879 በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በሆስፒታሉ ከሚኖሩት ሕሙማን አንዷን ካሪ ኒልስዳተርን ወደ ክፍላቸው አስጠሩ። ካሪ የ33 ዓመት ሴት ነበረች። የእርሷ ሕመም ቀለል ያለው፣ እባጭ የሌለበት ዓይነት ነበር። ዶክተሩ ከሌላ፣ ሕመሙ ከበረታበት ሰው እባጭ በወሰዱት ነገር የተነከረ ስለት የዓይኗን ሽፋን ወጉት። የበረታው ዓይነት ሕመም በእርሷም ላይ ቢታይ መተላለፉ ይረጋገጣል ብለው ነበር።

ፈቃዷን አልጠየቁም። ምን እንደሚያደርጉም አልነገሯትም። ሕመሙ በዓይኗ አልተስፋፋም፤ እርሷ ግን ሥቃይ እንደተሰማት ተናገረች፤ ዝምም አላለችም። ነገሩ ወደ መንግሥት ደረሰ፤ ቀጥሎም ወደ ፍርድ ቤት። በ1880 በበርገን ዳኞች ፊት ዶክተር ሐንሰን ቀረቡ። አልካዱም። ብጠይቃት እምቢ ትላለች ብዬ ስላሰብኩ አልጠየቅኋትም የሚል ዓይነት መልስ ሰጡ። ይህ መልስ ራሱ ጥፋቱን ያሳያል፤ እምቢ ማለት እንደምትችል እያወቁ ያንን መብቷን ነጠቋት ማለት ነው።

ፍርድ ቤቱ ፈረደባቸው። በሆስፒታሉ የነበራቸው የሐኪምነት ቦታ ተወሰደባቸው፤ ከዚያ ወዲያ በበርገን ሆስፒታሎች ሕሙማንን እንዲያክሙ አልተፈቀደላቸውም። ከ1875 ጀምሮ ይዘውት የነበረው የመላ አገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነት ግን አልተነካባቸውም። ይህ ፍርድ ዛሬ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይነገራል። ድሃ፣ ሕመምተኛና ያልተማረች አንዲት ሴት በጣም የተከበረን ሐኪም ከሥራ ቦታው አስነሥታለች። ዛሬ አንድ ሰው አዲስ መድኃኒት ሊሞከርበት ሲል ወይም ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሲል በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት የሚፈርምበት ወረቀት አለ። ያ ወረቀት እንደ ካሪ ያሉ ሰዎች ሳይጠየቁ በመቅረታቸው የመጣ ነው። በቁፓት ሆሊም አስተርጓሚ መጠየቅ፣ ያልገባን ነገር ላይ አለመፈረም፣ አልፈልግም ማለት፣ ይህ ሁሉ መብት ነው እንጂ ድፍረት አይደለም።

በስደት ያሉትን ፍለጋ

ከፍርዱ በኋላ ዶክተር ሐንሰን ሥራቸውን አልተዉም። የሕሙማኑን መዝገብ ይከታተሉ፣ ወረዳዎችን ይዞሩ ነበር። በ1877 እና በ1885 የወጡት ሕጎች በእርሳቸው ምክር የተደረጉ ናቸው። በሕጎቹ መሠረት ሕመምተኛው በቤቱ የራሱ ክፍልና የራሱ ዕቃ እንዲኖረው፣ ይህን ማድረግ ካልቻለ ወደ ሆስፒታል እንዲገባ ይታዘዝ ነበር። በዚህ ምክንያት ከልጆቻቸው የተለዩ እናቶችና አባቶች ነበሩ፤ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የተወሰደ ከባድ እርምጃ ነው። ቁጥሩ ግን በእርግጥ ወረደ። በ1875 ኖርዌይ 1,700 ያህል የታወቁ ሕሙማን ነበሯት፤ በ1901 ከ600 በታች ሆኑ።

በ1880ዎቹ መጨረሻ ዶክተር ሐንሰን ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ምክንያቱ ስደተኞች ነበሩ። ብዙ ኖርዌያውያን በድህነት ምክንያት አገራቸውን ትተው ወደ አሜሪካ ሄደው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ሥጋ ደዌ ይዟቸው የሄዱ ነበሩ። ሕመሙ በዘር የሚወርድ ከሆነ አሜሪካ በተወለዱት ልጆችና የልጅ ልጆች ላይ መታየት አለበት። ዶክተሩ ስደተኞቹ በሰፈሩባቸው በሰሜን አሜሪካ የእርሻ አገሮች እየዞሩ ልጆቹን ፈለጉ። ከታመሙት ሰዎች ዘሮች መካከል ሕመሙን አላገኙም። የዘር ነገር ነው የሚለውን ክርክር በጣም ያዳከመው ይህ ጉዞ ነው። ስደተኛው አሮጌ ሕመሙን ይዞ መጥቷል፤ ለልጁ ግን በደም አላወረሰውም።

በ1897 በርሊን ላይ የመጀመሪያው የዓለም የሥጋ ደዌ ጉባኤ ተደረገ። ሁለተኛው በ1909 በበርገን ሲደረግ ሊቀ መንበሩ ዶክተር ሐንሰን ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1912፣ ለሥራ ጉብኝት ወጥተው ሳሉ፣ ፍሎሮ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሞቱ። 70 ዓመታቸው ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ነገር አላዩም፤ ያገኙትን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት።

የአይጥ እግርና የአዲስ አበባ ሕሙማን

መድኃኒቱ ለምን ዘገየ? መልሱ ዶክተር ሐንሰንን ያሸነፋቸው ያው ችግር ነው። አንድ አዲስ አንቲባዮቲክ ሲመጣ በላቦራቶሪ የሚፈተንበት መንገድ ቀላል ነው፤ ባክቴሪያውን በምግብ ላይ ያሳድጉታል፣ መድኃኒቱን ያስቀምጡበታል፣ በማግሥቱ ሞቶ እንደሆነ ያያሉ። ብዙ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ ግን እጥፍ ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አላሳደገውም። በሰው ላይም ምልክቱ የሚታየው ባክቴሪያው ከገባ ከዓመታት በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከ20 ዓመት በኋላ።

ስለዚህ ሕሙማን ለረጅም ጊዜ የሚታከሙት ከሕንድ በመጣ የዛፍ ፍሬ ዘይት ነበር፤ መርፌው ያማል፣ ጥቅሙም ትንሽ ነው። በ1941 በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት በሚገኝ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አዲስ መድኃኒት በሕሙማን ላይ ተሞከረና ቁስላቸው መዳን ጀመረ። ከእርሱ ቀጥሎ ዳፕሶን የሚባለው ርካሽ ክኒን መጣ። በዘነበወርቅ፣ በቢሲዲሞና በሌሎችም ቦታዎች የታከሙ ኢትዮጵያውያን ለብዙ ዓመታት የዋጡት እርሱን ነው።

በ1960 አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ መፍትሔ አገኘ። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል፤ በሰውም ላይ የሚያጠቃው ጆሮን፣ አፍንጫን፣ እጅንና እግርን ነው። የአይጥም እግር ቀዝቃዛ ነው። ከሕመምተኛው ቆዳ ትንሽ ናሙና ይወሰድና ከ5,000 እስከ 10,000 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ተቆጥረው በአይጧ የውስጥ እግር ይወጋሉ። ከአይጦቹ ግማሾቹ መድኃኒት የተቀላቀለበት ምግብ ይበላሉ፤ ግማሾቹ ተራውን ምግብ። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ስድስት ወር፣ ስምንት ወር፣ እስከ አንድ ዓመት። በመጨረሻ በእግሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። መድኃኒት በበላችው አይጥ እግር ውስጥ ከበዙ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ለመመለስ አንድ ዓመት ይፈጃል።

ይህ ፈተና መጥፎ ዜና ይዞ መጣ። በ1964 በማሌዥያ ባክቴሪያው ዳፕሶንን እንደተላመደ ተረጋገጠ። ቀጥሎ ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። በአዲስ አበባ አለርት በ1965 ተቋቁሞ ነበር፤ በአጠገቡም የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ባደረጉት ጥረት በ1970 በዶክተር ሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ሐኪሞች አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አስተዋሉ። ድነው የነበሩ ሕሙማን ክኒናቸውን እየዋጡ ሕመሙ ይመለስባቸው ጀመር። ናሙናቸው በአይጥ እግር ሲፈተን ባክቴሪያው ዳፕሶን እያለ አደገ። ከዚህ የባሰውም ተገኘ፤ መድኃኒቱን ቀምሰው የማያውቁ አዲስ ሕሙማን ሳይቀሩ የያዛቸው ባክቴሪያ ቀድሞ ዳፕሶንን የተላመደ ነበር። የተላመደው ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው እየሄደ ነበር ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ የወጣው ይህ ውጤት ከሌሎች አገሮች ውጤት ጋር ሆኖ የዓለምን የሕክምና መንገድ ለወጠ። አንድ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠ፣ ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ ያመልጣሉ፤ ያመለጡት ይባዛሉ። ሁለትና ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ከተሰጠ ግን ከአንዱ ያመለጠውን ሌላው ይገድለዋል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሦስት መድኃኒቶች፣ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን፣ በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። ቆዳን የሚያጠቁረው ከሦስቱ አንዱ ክሎፋዚሚን ነው። ዕድሜ ልክ ይወሰድ የነበረው መድኃኒት ዛሬ እንደ ሕመሙ ዓይነት በ6 ወር ወይም በ12 ወር ያልቃል። ከ1995 ጀምሮ በመላው ዓለም ለሕሙማን በነጻ ይሰጣል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ሰው ማስተላለፉን ያቆማል።

ፍለጋው ግን አላበቃም። ዛሬ መላመድ መኖሩን ለማወቅ የባክቴሪያውን ዘረ መል ማንበብ ይቻላል፤ አንድ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ለተላመደው የሳንባ ነቀርሳ የተሠራው ቤዳኩሊን የሚባል አዲስ መድኃኒት በሥጋ ደዌ ላይም እየተሞከረ ነው። ይሁንና አዲስ መድኃኒት በሕያው ባክቴሪያ ላይ ሲፈተን የአይጥ እግር አሁንም ያገለግላል። በሽታውም አልጠፋም። በዓለም በየዓመቱ ከ170,000 በላይ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ።

የኢየሩሳሌሙ ቤት

የታልቢያው ሕንፃ የተሠራው በ1887 ነው። ንድፉን ያወጣው በኢየሩሳሌም ብዙ ሕንፃዎችን የሠራው ጀርመናዊው ኮንራድ ሺክ ሲሆን፣ ሕሙማኑን ይረዱ የነበሩት የሞራቪያ ወንድሞች የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በግቢው የአትክልት ቦታና የውኃ ጉድጓድ ነበር። በ1950 ሕንፃው ወደ እስራኤል እጅ ገባ፤ የመንግሥት ሆስፒታልም ሆነ፤ ስሙም ሐንሰን ተባለ።

በዚህ ቤትም አንድ መድኃኒት በአዲስ መልክ ተገኝቷል። በ1964 የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ያዕቆብ ሼስኪን በከባድ ሕመም የሚሠቃይ፣ እንቅልፍ ያጣ ሕመምተኛ ነበራቸው። እንዲተኛ ብለው ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጡት። መድኃኒቱ በእርጉዞች ላይ ባደረሰው ጉዳት፣ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ እንዲወለዱ በማድረጉ፣ በ1961 ከገበያ የተነሣ ነበር። ሕመምተኛው ግን ተኛ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም የሚያቃጥለው እባጭ ጠፋለት። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ሰውነት በባክቴሪያው ላይ የሚያስነሣውን ቁጣ ያበርዳል። ከዚያ በኋላ በሌሎች ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ተረጋገጠ። ዛሬም በጥብቅ ቁጥጥር ይሰጣል።

ሕሙማን ይተኙበት የነበረው ክፍል በ2000 ተዘጋ፤ የተመላላሽ ሕክምናው እስከ 2009 ቆየ። ታድሶ ለሕዝብ የተከፈተው በ2013 ነው። የአጥሩ በር ዛሬ ለማንም ክፍት ነው፤ በውስጡም የሕሙማኑን ኑሮ የሚያሳይ አነስተኛ ኤግዚቢሽን አለ።

ሥጋ ደዌ የሚያጠቃው ነርቭን ነው። ጣት የሚቆረጠው በበሽታው ሳይሆን፣ ስሜት ያጣ እጅ የጋለ ጀበና ሲይዝ፣ ስሜት ያጣ እግር እሾህ ሲረግጥ ስለማይሰማው፣ ቁስሉም ስለሚመረቅዝ ነው። ከ100 ሰው 95ቱ ያህል ሰውነታቸው ባክቴሪያውን በተፈጥሮ ያሸንፋል፤ የሚተላለፈውም ካልታከመ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር እንጂ በመጨባበጥ ወይም በአንድ ማዕድ በመቁረስ አይደለም። ቆዳ ላይ ቀለሙ የፈዛዘዘ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያየ ሰው፣ በወጣትነቱ አገር ቤት የነበረ ቢሆንም፣ ለሐኪሙ ያሳይ። የታዘዘ አንቲባዮቲክ ደግሞ፣ የሥጋ ደዌም ይሁን የሳንባ ነቀርሳ፣ ተሻለኝ ተብሎ በመሀል አይቆምም፤ የአዲስ አበባ ሕሙማን ታሪክ ይህን አስተምሯል።

ዶክተር ሐንሰን ሕመሙ የዘር ዕዳ እንዳልሆነ ለዓለም አሳዩ። ሲያሳዩም አንዲት ሴትን በደሉ፤ ለዚያም ዋጋ ከፈሉ። ሁለቱም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተጽፈዋል። በበርገን ከቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል የመጨረሻዎቹ ሁለት ሕሙማን በ1946 አርፈዋል፤ ዛሬ ያ ቤት ሙዚየም ነው። በታልቢያ የዶክተሩ ስም ከበሩ ላይ አለ፤ በዘነበወርቅም እንዲሁ። የካሪ ኒልስዳተር ስም ግን በየትኛውም በር ላይ አልተጻፈም። በታልቢያው አጥር ሥር የሚያልፍ ሰው የሐንሰንን ስም ሲያነብ የእርሷንም ስም ቢያስብ፣ ታሪኩን ሙሉ አድርጎ ያስታውሰዋል።